የጭስ በርና የጥሩዬ ቋንጣ

እንደ እኔ በር ያዋረደው ሰው ካለ ይምጣና እንተቃቀፍ። የቤት በር እንዳይመስላችሁ። የቤት በር ቢያዋርድም ቢያንስ ሰው ያየዋል፤ አንኳኩቶ ይገባበታል፣ ሲናደድ ድርግም አድርጎ ይወጣበታል። የእኔው በር ግን ቱቦ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ማንም የማያንኳኳው በር ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ እሳት የተነሣ ቀን መዘጋት። እስከዚያ ድረስ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ደመወዝ ቢኖረው ኖሮ ቋሚ ሠራተኛ ነው እንለው ነበር።

የምሠራው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው መውጫ ላይ ካለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ማዕረጌ «የጥገና ክፍል ኃላፊ» ይባላል። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። አዛዡ እኔ፣ ታዛዡ እኔ፣ ሽንት ቤት ሲደፈን የሚሰደበውም እኔው።

በሩን ላስረዳችሁ፤ ካላስረዳኋችሁ በኋላ ማን እንደ በደለኝ አይገባችሁም። ሕንፃው ውስጥ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚወጣ ሰፊ የቆርቆሮ ቱቦ አለ፤ የአየር ቱቦ ነው። በየፎቁ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አለው። ደኅና ቀን አየር ይመላለስበታል። ምድር ቤት እሳት ከተነሣ ግን ጭሱም ያንኑ መንገድ ይዞ ሽቅብ ይወጣና በየወንፊቱ ይገባል፤ ያለ ደረጃ፣ ያለ ፈቃድ። ስለዚህ ቱቦው ከምድር ቤት ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ የብረት በር ተገጥሞለታል። በሩን ከፍታ የያዘችው ጣት የምታህል ብረት ናት። ሙቀት ሲያገኛት ትቀልጣለች፣ በሩ ጧ ብሎ ይዘጋል፣ ጭሱ ከነንዴቱ ምድር ቤት ይቀራል። በቃ ይኸው ነው። መብራት አይፈልግ፣ ስብሰባ አይፈልግ፣ የበላይ አካል ውሳኔ አይጠብቅ። ያሠለጠኑን ሰዎች «ዳምፐር» ይሉታል፤ እኔ የጭስ በር ነው የምለው።

አዎ፣ ሠልጥኛለሁ። አዲስ አበባ ድረስ ተልኬ ነው የሠለጠንኩት። ከዚያ ተመልሼ ሰው አላስቀምጥ አልኩ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ «ሰውን የሚገድለው እሳቱ አይደለም፤ ጭሱ ነው» ብዬ አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው አስተምሬያለሁ። ሟቹ የሞቱት በኩላሊት ነበር። የሟች ወንድም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ቆየና «ተወው እስቲ፣ እሱም ተጨንቆ ነው» ብሎ ለጎኑ ሰው ሹክ አለው። እውነቱን ነው፤ ተጨንቄ ነበር።

የጭንቀቴ ስም ጥሩዬ ነው። ጥሩዬ ባለቤቴ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። አስም አለባት። የጎረቤት ጭስ እንኳ ሲሸታት ደረቷ እንደ ወናፍ ያፏጫል፤ አንዴ በሰው ሠርግ ላይ የወጥ ቤቱ ጭስ ዞሮባት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ተሸክሜያት ሆስፒታል ሮጫለሁ። ያን ቀን ያየሁትን ፊት ዳግም ማየት አልፈልግም። ደረጃው አንድ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ሩቅ ነው፣ መስኮቱ ለብርድ ተብሎ ሁልጊዜ ዝግ ነው። እንግዲህ በእሷና በምድር ቤት ጭስ መካከል የቆመው አንድ በር ብቻ ነው። ለዚያ ነው ለቅሶ ቤት የቀባጠርኩት።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ሰሞን፣ በሩን ልመርምር ብዬ ምድር ቤት ካለው ዕቃ ቤት ገባሁ። ቱቦው የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ከበሩ ከፍ ብሎ ሰው አንገቱን የሚያስገባበት መክፈቻ አለው። ብሎኑን ፈትቼ መክፈቻውን ሳነሣ፣ የበርበሬ ሽታ ፊቴን መታኝ። ባትሪ አበራሁ። ቋንጣ! እንደ መጋረጃ የተንጠለጠለ፣ ቀይ፣ የተዘለዘለ፣ በሥርዓት የተሰጣ የቋንጣ ገመድ በገመድ ላይ። አየሩ ሽው ሲል ቋንጣው ይወዛወዛል። በሩ ደግሞ፣ የእኔ የጭስ በር፣ እንዳይዘጋ በሽቦ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

ማን ሰቀለው ብዬ አልተመራመርኩም። ገመዱ የእኔ ቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር። እኔ እኮ ሌባ ወሰደው ብዬ ጎረቤት ጠርጥሬያለሁ።

ማታ ቤት ገብቼ፣ «ጥሩዬ፣ ቋንጣ የሚሰጣው ፀሐይ ላይ ነው» አልኳት።

«የትኛዋ ፀሐይ?» አለችኝ። «የማርቆስን ክረምት ዛሬ ነው እንዴ ያየኸው? ቅርጫውን የገባነው ሰባት ሴቶች ነን፤ የሁላችንም ሥጋ ሊሸት ነበር። እዚያ ዝንብ የለ፣ ድመት የለ፣ አየሩ ሽው ይላል። እግዜር ለቋንጣ ብሎ የሠራው ቦታ እኮ ነው!»

«ለቋንጣ አይደለም የተሠራው፤ ላንቺ ነው! በሩንስ ለምን አሰራችሁት?»

«በገዛ እጁ ይዘጋላ! አንድ ቀን የሥጋው ገመድ ብረቷን አስለቅቋት ጧ ብሎ ተዘግቶ የስንዱ ሥጋ ተበላሸ። አንተ ስለ በሩ ስትለፈልፍ ከፍቶ የሚይዘው ምን እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እንዳይዘጋ ምን እንደሚደረግ ራሴ ጨመርኩበት።»

አያችሁ? አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ትምህርት ካስተማርኳቸው ሰዎች ውስጥ በተግባር ያዋለችው እሷ ብቻ ናት።

«ጭስ ቢመጣስ? ያን ቀን ሆስፒታል...»

«አታሟርትብኝ!» አለችና ፊቷን አዞረች። ውይይቱ እዚህ ላይ ተዘጋ፤ በእኛ ቤት በደንብ የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ ሕንፃው አስተዳዳሪ ወደ አቶ ሙሉቀን ሄድኩ። አቶ ሙሉቀን ቢሯቸው ምድር ቤት፣ ከዕቃ ቤቱ ጎን ነው፤ የቱቦው የታችኛው አፍም እዚያው ግድግዳቸው ላይ ነው። ብርድ አይችሉም፤ ከጠረጴዛቸው ሥር የኤሌክትሪክ ምድጃ አስቀምጠው እግራቸውን እንደ በቆሎ እያገላበጡ ይጠብሳሉ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«ይሄ በር» አሉኝ እግራቸውን እያገላበጡ፣ «እሳት ተነሥቶ ተዘግቶ ያውቃል?»

«አያውቅም፤ እሳት ተነሥቶ ስለማያውቅ ነው።»

«እንግዲያው ምን ጠቀመን?»

እውነት እላችኋለሁ፣ ሰው ያልደረሰበትን መከራ እንዴት አድርገህ ታሳየዋለህ? ጭራሽ ደግሞ አቶ ሙሉቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእኔም ትንሽ ሰቅለውልኛል፤ ገመዱን እንዳትነካ» አሉኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። ብተወውስ ምን ነበረበት? እኔ ግን በስውር ልሠራው ቆረጥኩ። የመረጥኩት ቀን ጊዮርጊስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ሕንፃው ጭር ይላል ብዬ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመጣ የሠርጌን ኮት እንደ ለበስኩ ነበር። ዕቃ ቤት ገባሁ፣ ማንም እንዳያየኝ ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ አንገቴንና አንድ እጄን በመክፈቻው አስገብቼ ሽቦውን በጉጠት ቆረጥኩት። ለካ የቋንጣው ገመድ የታሰረው እዚያው ሽቦ ላይ ኖሯል። ዘጭ! የሰባት ሴቶችና የአንድ አስተዳዳሪ ሥጋ ከነበርበሬው በፊቴ አልፎ ወረደ፤ ቱቦው ሥር የዓመታት አቧራና የሞተ አይጥ ይጠብቀው ነበር።

ክው አልኩ። ግን አንዴ የጀመርኩትን ብዬ፣ በሩ መዘጋት አለመዘጋቱን ልሞክር ብረቷን ነቀልኳት። አሠልጣኛችን «ብረቷን ስትነቅሉ እጃችሁን በበሩ መንገድ ላይ እንዳታደርጉ» ብሎን ነበር። ደጋግሞ ነው ያለን። እኔም ለሌላው ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ።

ጧ! በሩ እንደ ጉድ ይሠራል። የኮቴን እጅጌ እስከ ክርኔ ነክሶ ያዘው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ሰዎች የጭስ በር ስላልያዛቸው ነው። ብጎትት አይመጣ፣ ኮቴን ላውልቅ ብል ሌላው ትከሻዬ መክፈቻው ላይ ተቀርቅሯል። አንገቴ ቱቦ ውስጥ፣ ወገቤ ዕቃ ቤት። ቢቸግረኝ ጮኽኩ። «ሰው የለም? ኧረ የሰው ያለህ!»

ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ለካ በየፎቁ ገብቷል። ድምፄ ቱቦውን ይዞ በየወንፊቱ ወጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ በላይነሽ ናቸው መጀመሪያ የሰሙኝ፤ እርሳቸው ደግሞ ጠበል በሃይላንድ ሞልተው ከጎናቸው የማይለዩ ሴት ናቸው።

«በስመ አብ! ማነህ አንተ?» አሉ ከላይ።

«እኔ ነኝ! የጥገናው!»

«ይዋሻል» ሲሉ ሰማኋቸው፤ «በሰው ስም መጥራት አመላቸው ነው። ከየት ገባህ?»

«ከምድር ቤት!»

«ማን ላከብን?»

እዚህ ላይ እልኽ ያዘኝ። «ማንም አልላከኝም! በገዛ ፈቃዴ ነው የገባሁት!»

ከላይ የብዙ ሰው «ኡኡ!» ተሰማ። አንዲቷ ማልቀስ ጀመረች።

«መቼ ትለቃለህ? ተናገር!»

«እኔ መች ያዝኩ? እኔ ነኝ እንጂ የተያዝኩት! አንድ ሰው ላኩልኝና አሁኑኑ እለቃለሁ!»

«ሰው ይላክልኝ ይላል! ሰምታችኋል? ሰው ነው የለመደው!» አሉና ሃይላንዱን በወንፊቱ ገለበጡት። የነሐሴ ጠበል ነው፤ በማጅራቴ ገብቶ በወገቤ ወጣ። ጮኽኩ። በጮኽኩ ቁጥር «ተቃጠለ! ተቃጠለ!» እያሉ ሌላ ሃይላንድ ያመጣሉ። እኔ በብርድ እንጂ በምን ልቃጠል!

ያዳነኝ የጥሩዬ ድምፅ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ወንፊት፣ ጥርት ብሎ ወረደ። «አንተ! ቋንጣውን ነካኸው እንዴ?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ስትሰማ፣ «ባለቤቴ ነው» አለቻቸው። ከዝምታዬ ነው ያወቀችኝ።

የዕቃ ቤቱን በር በትከሻቸው ገፍተው የገቡት ጎረቤት ሱቅ ፍራሽ የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ ናቸው። አዩኝ፣ «ሱብሃነላህ» አሉ፣ የፍራሽ ጨርቅ በሚቆርጡበት መቀስ የሠርግ ኮቴን እጅጌ ቀድደው አወጡኝ። «በጊዮርጊስ ቀን ብረት ስትቀጠቅጥ!» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። ጥሩዬ ግን ስለ ጊዮርጊስም ስለ ኮቱም አላነሣችም። ቱቦው ሥር ያለውን አየችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሽሮ ሆነ። ሽሮው እንኳ ውኃ ውኃ ይል ጀመር። ሴቶቹ ሰላምታ ከለከሉኝ፤ አቶ ሙሉቀን ሲያዩኝ ምራቃቸውን ይውጣሉ። እኔ ግን በሩን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ብረቷን መልሼ ከፍቼ አቆምኩት። ያለ ሽቦ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው አሉ፤ እኔም አጥሬ ተወጋሁ።

ዘመን ከተለወጠ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። አቶ ሙሉቀን እግራቸው ሲበርዳቸው ጊዜ ፀሐይ ልሙቅ ብለው ቢሯቸውን ቆልፈው ወጡ። ምድጃውን ሳያጠፉ። መብራት የጠፋ ጊዜ ማብሪያውን የሚያጠፋ ማን አለ? ራሱ ጠፍቷል እኮ! መብራቱ ሲመጣ ምድጃው ጋለ፤ ከላዩ የተንጠለጠለው የወንበር ጨርቅ ተያያዘ፤ ከጨርቁ ወደ ካርቶኑ፣ ከካርቶኑ ወደ መጋረጃው።

እኔ ዕቃ ቤት ነበርኩ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ሲንጣጣ ሰማሁ፤ ወዲያው ቱቦው ውስጥ ጧ! አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እጄን ነክሶኛል። ሐጂ ኑሩን ጠራሁ፤ የቢሮውን በር ሰብረን ጭሱ ሲተፋን በሆዳችን ተኝተን፣ እርሳቸው ብርድ ልብስ ውኃ እየነከሩ፣ እኔ እየወረወርኩ፣ ባለችን የእሳት ማጥፊያ እየረጨን፣ እሳቱን እዚያው ክፍል ውስጥ ገደልነው። ከዚያ ደረጃውን ይዤ ወደ ላይ። ስወጣ የማየው ያን የጠቆረ ከንፈር ነው። ጥሩዬ፣ ጥሩዬ፣ እላለሁ በሆዴ።

አራተኛ ፎቅ ደረስኩ። የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። ሬዲዮ ይዘፍናል። ጥሩዬ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው? ፊትህ ደግሞ ምነው ከሰል መሰለ?»

ጭስ የለም። አንዲት ክር የምታህል ጭስ የለችም። እወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?» አለች ስንዱ። ምን ትበል? ምንም አላየችም። የእኔ በር ሲሠራ የሚታየው ነገር ይኸው ነው፤ ምንም። ሰው ሁሉ በደኅና ውሎ፣ ሬዲዮ ሰምቶ፣ ክር በጥሶ ይገባል።

ወሬው ሲሰማ ሕንፃው ሁሉ ወርዶ ቢሮውን አየ። ግድግዳው ጠቁሯል፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከቱቦው በር በታች ቆርቆሮው ሰማያዊ እስኪሆን ነዷል፣ ከበሩ በላይ ግን ቀለሙ እንኳ አልተነካም። እኔ ልቤ ሞቀ። ዛሬስ ይገባቸዋል ብዬ ጣቴን ቀስሬ፣ «አያችሁ? እዚች ጋ ነው ጭሱ የቆመው» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ቀረብ አሉና መስመሯን በጣታቸው ዳሰሷት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እኔ ጠበሉን ያፈሰስኩት እዚች ድረስ ነው» አሉ።

እልልታው ቀለጠ። አቶ ሙሉቀን ተንበረከኩ። ጥሩዬ እትዬ በላይነሽን ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ጣቴን እንደ ቀሰርኩ ቀረሁ። በጠበሉ አልተከራከርኩም፤ እኔም አምናለሁ፣ በማጅራቴም ወርዷል። «ጠበል ሽቦ አይፈታም» ብቻ ነው ያልኩት፤ እሱንም የሰሙኝ ሐጂ ኑሩ ብቻ ናቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አላህ ያየዋል» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ቀልጣ የጠፋችውን ብረት ከሥልጠና ለማሳያ ባመጣኋት ተካሁ። አቶ ሙሉቀንን ሌላ መጠባበቂያ ይገዛ ብላቸው፣ «ሠራ አይደል? አንዴ ከሠራ በቃ» አሉኝ፤ በአዲሱ ምድጃቸው ላይ እግራቸውን እያገላበጡ።

ለመስቀል ሕንፃው ተሰብስቦ በሬ ጣለ። እሳቱ ወደ ላይ ስላልወጣ፣ ለምስጋና ነው። አበሉኝ፣ አጠጡኝ፣ ጥሩዬም ታረቀችኝ፤ ደስ አለኝ አልዋሽም። በማግሥቱ ዕቃ ቤት ስገባ የበርበሬው ሽታ ተቀበለኝ። መክፈቻውን አነሣሁ። ከእሳት ስለ ዳንን የታረደው የምስጋና በሬ፣ ተዘልዝሎ፣ በርበሬና ጨው ተለውሶ፣ ቱቦው ውስጥ ይወዛወዛል። በሩ ታስሯል። አሁን በድርብ ሽቦ። አቶ ሙሉቀን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስቀርጸው ለሴቶቹ ሰጥተዋል።

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዘንድሮ አልተቆጣሁም፤ ለመንኳት። «ጥሩዬ፣ ስለ ደረትሽ ነው። እኔ ሌላ የለኝም።»

እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። «አውቃለሁ» አለች። «ግን እኮ አሁን ጠበል ፈሶበታል። ምን ያሰጋሃል?»

ቋንጣው ደርቆ ወረደ፤ በርበሬው ተተካ። በርበሬው ሲወርድ ሌላ ነገር ይተካል፤ ቦታው ስሙ ወጥቷል። አሁን ከጥሩዬ ጋር የምንኖረው በስምምነት ነው፤ ተነጋግረን ግን አይደለም። ጠዋት ስገባ ገመዱን ሳልነካ ሽቦውን እፈታዋለሁ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ እሷ ወርዳ ታስረዋለች። በማግሥቱ እፈታዋለሁ፣ ታስረዋለች። አንዳንዴ መክፈቻው ላይ አንገቴን አስገብቼ ስሠራ፣ ከላይ ሳሏ ይሰማኛል፤ ከዚያ ሳቋ።

ሰው ሁሉ ማታ ማታ ብዙ ነገር ይጸልያል። የእኔ አጭር ናት። አምላኬ ሆይ፣ እሳት የምታመጣ ከሆነ በጠዋት አምጣው።